ጳጉሜ 1 ቀን የቆመው ደረሰኝ

ነገሩ የሆነው በ2009 ዓ.ም. ነው። ባሕር ዳር አንዲት ጠባብ ቢሮ ውስጥ እኔና አንድ ጓደኛዬ ፕሮግራም እንሠራ ነበር። ምዕራብ ጎጃም፣ ሜጫ ያለ አንድ የገበሬዎች ማኅበር ለመስኖ የሚሰጠውን የዘርና የማዳበሪያ ብድር የሚመዘግብ ፕሮግራም አዘዘን። ፍሪ ፓስካል የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ መረጥን። ነጻ ነው፣ ምንጩ፣ ማለትም የተጻፈበት ኮድ፣ ለማንም ክፍት ነው፣ ማኅበሩ ጋ ባለችው አሮጌ ኮምፒውተር ላይም ሳያቃስት ይሠራል።

ልንጨርስ ስንል ገንዘብ ያዧ ደረሰኙን አየችና "ወንድሜ፣ ይሄ ኦክቶበር የምትሉት ምንድን ነው? ገበሬው የሚያውቀው ጥቅምትን ነው" አለችኝ። ልክ ናት። ግን ቀን የሚያሳዩት ቅጾች 40 ገደማ ነበሩ፤ አንድ በአንድ እየከፈቱ ማስተካከሉ ገና ሳስበው ሰለቸኝ። ስንፍናዬ ብልሃት መስሎ የታየኝ እዚህ ላይ ነው።

ፍሪ ፓስካል ሲጫን መደበኛ ላይብረሪው፣ ማለትም ፕሮግራሞች ሁሉ የሚጠቀሙበት የተዘጋጀ ኮድ፣ አብሮት ይመጣል። እዚያ ውስጥ ሲስዩቲልስ የሚባል ዩኒት (አንድ የኮድ ክፍል) አለ። የቀን ጉዳይ የእሱ ነው። ለፕሮግራሙ ቀን ማለት አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ በፈረንጅ ከዲሴምበር 30 ቀን 1899 ጀምሮ ስንት ቀን እንዳለፈ። ዲኮድዴት ያንን ቁጥር ወደ ዓመት፣ ወርና ቀን ይፈታዋል፣ ኢንኮድዴት ደግሞ መልሶ ይቋጥረዋል። ታዲያ ሁለቱን ብቻ በእኛ አቆጣጠር ብለውጣቸው 40ውም ቅጽ በአንዴ ሐበሻ አይሆንም? ምንጩ እጄ ላይ ነው። ማን ይከለክለኛል?

ለወጥኳቸው። የወራቱን ሰንጠረዥም ከ12 ወደ 13 አሰፋሁት። ጉዱ ያኔ መጣ። ፍሪ ፓስካል ኮምፓይል ያደረገው (ወደ ማሽን ቋንቋ የቀየረው) እያንዳንዱ ዩኒት፣ የሚጠቀምባቸው ሌሎች ዩኒቶች ከውጭ የሚታየው ክፍላቸው እንዳልተነካ የሚያረጋግጥበት መለያ ቁጥር ይይዛል፤ እኔ ሰንጠረዡን ሳሰፋ ያ ቁጥር ተለወጠና ሲስዩቲልስን የሚጠሩት ሁሉ (የማይጠራው የለም ማለት ይቀላል) አኮረፉ። "ዩኒቱን ላገኘው አልቻልኩም" ይለኛል፣ ፋይሉ ዓይኔ ሥር ተቀምጦ! ላይብረሪውን ከነቤተሰቡ እንደ አዲስ መገንባት ግድ ሆነ። መብራት ሁለቴ ሄደብኝ። ሊነጋጋ ሲል ደረሰኙ "ጥቅምት" ብሎ ወጣ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ለጓደኛዬ እንኳ በወጉ ሳላስረዳው "ቀኑን አስተካክዬዋለሁ" ብዬው አለፍኩ።

ኅዳር 1 በባዶ ዳታቤዝ ሥራ ጀመርን። ስድስት ወር ሰላም።

ግንቦት 1፣ ልደታ ናትና እርሻ የለም፣ አንድ ሽማግሌ ኅዳር 1 የወሰዱትን ብድር ሊከፍሉ መጡ። ፕሮግራሙ የ184 ቀን ወለድ ጠየቃቸው። ጣታቸውን አጠፍ አጠፍ አድርገው "ስድስት ወር 180 ቀን ነው፤ አራቱን ከየት አመጣችኋቸው?" አሉ። ገንዘብ ያዧ ደወለችልኝ። እኔ ሆዬ "ኮምፒውተር እኮ ነው የቆጠረው" አልኳት። ሽማግሌው ስልኩን ተቀበሏትና "ልጄ፣ በማን አገር ነው ወር 31 ቀን የሚሆነው?" አሉኝ። ሳቅሁ። ስህተቱን ቁልጭ አድርገው ነግረውኝ እኔ ሳቅሁ! ልዩነቱ ጥቂት ብር ነበርና ከፍለው ሄዱ።

ጳጉሜ 1 ቀን ዳንግላ ቤተሰብ ጋ ነበርኩ። ፕሮግራሙ አልመዘግብም አለ፤ አንድም ብድር፣ አንድም ክፍያ። ጓደኛዬ እኔን በስልክ ቢያጣኝ ምንጩን ወስዶ በራሱ ላፕቶፕ ኮምፓይል አደረገው፣ ማለትም ባልተነካው ላይብረሪ። ሠራለት። ደረሰኙ "ሴፕቴምበር" ይላል፣ ግን ሠራ። ከሰዓት በኋላ በሐምሌ የተበደረ ሰው ሊከፍል ቢመጣ ስምንት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ወለድ ተጠየቀ። ለምን ቢባል ብድሩ የተመዘገበው በ2009፣ የዛሬው ቀን ደግሞ 2017። አንድ ኮድ በሁለት ላፕቶፕ ሁለት ዓይነት ፕሮግራም ሆነ። እኔ የነካሁት እኮ ፕሮግራማችንን አልነበረም፤ ለውጡ ያለው እኔ ማሽን ላይ ብቻ ነው፣ ያንን የሚያውቅ ደግሞ ከእኔ በቀር የለም።

በማግስቱ መጀመሪያ በተገኘው ሚኒባስ ተመልሼ ስመረምረው ነገሩ ተገለጠልኝ። ቀኑን ወደ ዳታቤዛችን፣ ወደ ማይኤስኪውኤል፣ የሚልከው የላይብረሪው ክፍል፣ ቀንን ወደ ጽሑፍ ሲቀይር የሚጠራው ያንኑ እኔ የለወጥኩትን ዲኮድዴት ነው። ማይኤስኪውኤል ግን የእኔን ጓዳ በምን ያውቃል? "2009-03-01" ሲደርሰው ለእሱ ማርች 1 ነው። ወለዱን የሚቆጥረው ደግሞ እሱ ነበር። ከማርች 1 እስከ ሴፕቴምበር 1 ቁጠሩ፤ 184። የሽማግሌው 31 ይኸውላችሁ። "2009-13-01" ሲደርሰው ደግሞ 13ኛ ወር አላውቅም ብሎ መለሰው።

አሥር ወር ዝም ማለቱም የእኔ ጉብዝና አልነበረም። ከማርች እስከ ዲሴምበር ያሉት ወሮች ሁሉ ቢያንስ 30 ቀን ስላላቸው የእኛ ቀኖች ሳይነቃባቸው ያልፉ ነበር። ሥራ የጀመርነው ሁለት ቀን ቀደም ብለን ጥቅምት 29 ቢሆን ኖሮ "2009-02-29" ብሎ ይልክና በመጀመሪያው ደረሰኝ ይፈነዳ ነበር። ምነው በፈነዳ።

ሩፋኤል ዕለት ሰው ዝናብ ሲጠመቅ እኔ መዝገብ ሳስተካክል ዋልኩ። ላይብረሪውን እንደነበረ መለስኩት። የእኛን አቆጣጠር በራሱ ስም፣ በራሱ ዩኒት፣ ከፕሮግራሙ ምንጭ ጋር አስቀመጥኩት፤ ዳታቤዙ በፈረንጅ ይይዛል፣ ለሰው ሲታይ ብቻ ይለወጣል። ያ የሰለቸኝ የ40 ቅጽ ሥራ ስንት ፈጀ መሰላችሁ? ሁለት ቀን።

የአራት ቀኑ ወለድ መስከረም ላይ ለሽማግሌው ተመለሰላቸው። ገንዘብ ያዧ እንደነገረችኝ ብሩን ቆጥረው ኪሳቸው ከከተቱ በኋላ "ያ ልጅ ጣት አለው ለካ" ብለው ሄዱ።