ከኒው ሜክሲኮ የመጣው ጠርሙስ

ትናንት ማምሻውን እዚህ ቨርጂኒያ አንድ ወዳጄ ሦስት የአሜሪካ አረፋማ ወይኖችን በወረቀት ጠቅልሎ አቀረበና «ዋጋቸውን ሳታውቁ ፍረዱ» ብሎ ቀዳልን።

የመጀመሪያው ከካሊፎርኒያ ናፓ ሸለቆ የመጣው ሽራምስበርግ ነበር፤ ፕሬዚዳንት ኒክሰን እ.ኤ.አ. በ1972 ቤጂንግ ላይ ጽዋ ያነሱበት ወይን የዚሁ ቤት ምርት ነው። የሎሚ ጣዕሙ ስል ነው። ሁለተኛው፣ ከዚያው ከካሊፎርኒያ አንደርሰን ሸለቆ የመጣው ሮደረር እስቴት ደግሞ ለስለስ ብሎ ወደ በሰለ ፖም ያደላል።

ልቤን የወሰደው ግን ሦስተኛው፣ የኒው ሜክሲኮው ግሩዌ ነው። ብርጭቆውን ወደ አፍንጫዬ ባስጠጋሁ ጊዜ ገና ከእሳት እንደወጣ ድፎ ዳቦ ሸተተኝ። ጠረኑ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ ወይኑ በራሱ ጠርሙስ ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ሲብላላ አረፋውን የፈጠረው እርሾ ሞቶ ከታች ይዘቅጣል፣ ወይኑም ከዚያ አተላ ጋር ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በቆየ ቁጥር ሽታውን እየወረሰ ይሄዳል። ሦስቱም የሚሠሩት በዚሁ ዘዴ ቢሆንም፣ ዳቦው ጎልቶ የተሰማኝ በዚህኛው ነው።

ከፈረንሳይ ሻምፓኝ አውራጃ የመጣው የግሩዌ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ወይን የተከለው ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ግድም በሆነ በረሃማ ምድር ላይ ነው። ቀን ፀሐዩ ፍሬውን ሲያበስለው፣ የሌሊቱ ብርድ ኮምጣጣነቱን ይጠብቅለታል፤ አረፋማ ወይን ያለዚያ ኮምጣጣነት ለዛ የለውም።

ወረቀቱ ሲገለጥ ከሦስቱ ርካሹ እርሱ ሆነ። ለሠርግና ለምርቃት የፈረንሳይ ስም የተጻፈበትን ብቻ የሚሹ ዘመዶቻችን (ያውም ጣፋጩን!) አንድ ቀን ቢቀምሱት እወዳለሁ።