ለኮብልስቶን ያልተሰራ ጎማ

የሻንጣዬ ዚፕ ካስቸገረኝ ቆይቷል። ይዘጋል፤ ግን የሚጎተተው የዚፑ ራስ ገና አልፎ ሳይጨርስ ከኋላው ቦግ ብሎ ይከፈታል። ባለፈው ከመስክ ስመለስ ቃሊቲ መናኸሪያ ላይ ረዳቱ ከፖርቶ መጋላ ሲያወርደው የፒጃማዬ እግር ውጭ ተንጠልጥሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሲባጎ አስሬው ነው የምሄደው። አንዱ ጎማ ተፈርፍሮ ብረቱ ቀርቷል። እጀታው ደግሞ ሲሳብ መሀል ላይ ይይዛል።

እማዬ ይህን በስልክ ስነግራት ብዙም አላሰበችበትም። «ጣይውና ደህና ነገር ግዢ። ሰው ምን ይላል?»

እሺ ብዬ መርካቶ ወረድኩ። ሻጩ አራት ጎማ ያለው የሚያብረቀርቅ ሻንጣ አወጣና በአንድ ጣቱ ገፋው። ሴራሚኩ ላይ ተንሸራቶ ሄደ። «እህቴ፣ ይሄ አይሰበርም» አለና በቡጢ መታው። ከምን እንደተሰራ ጠየቅኩት። ኤቢኤስ የሚባለው ፕላስቲክ ደረቅ ነው፤ ሲመታ ይሰነጠቃል። ፖሊካርቦኔት ግን ጎብጦ ይመለሳል፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። የትኛው ነው ስለው «ኦሪጅናል ነው» አለኝ። ሌላም ብጠይቀው መልሱ ያው ነበር።

ዋጋውን ስሰማ ዝም አልኩ። ሻንጣ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በባንክ እንኳ ከእጥፍ በላይ ሆኗል።

ግን እውነቱን ለመናገር የመለሰኝ ዋጋው አይደለም። ጎማው ነው። እኔ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ከአስፋልቱ እስከ ብሎካችን ኮብልስቶን ነው፤ ከኮብልስቶኑ ቀጥሎ ለቧንቧ ተቆፍሮ እንደነገሩ የተደፈነ መንገድ አለ። ክረምት ሲገባ እሱ ጭቃ ይሆናል። ያቺ ትንሽ ጎማ በሁለት ድንጋይ መሀል ገብታ ስትቀረቀር ታየችኝ። በባለጎማ ሻንጣ እ.ኤ.አ. በ1972 የፈጠራ መብት ያገኘው በርናርድ ሳዶ የሚባል አሜሪካዊ ነው። ዛሬ የምናውቀውን ቀጥ ብሎ የሚጎተተውን ያመጣው ደግሞ ሮበርት ፕላት የሚባል አብራሪ ነው፤ በ1987። ሁለቱም ያሰቡት ለኤርፖርት ወለል ነው። ባጃጅና ኮብልስቶን ማን ትዝ ይለዋል!

ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ሰፈራችን ከኮንዶሚኒየሙ ምድር ቤት አጠገብ ጫማና ቦርሳ የሚሰፉ አንድ አባት አሉ። ሻንጣውን አየት አደረጉና ጎማውን ትተው ዚፑን ያዙ። ጥርሱን ከዳር እስከ ዳር በጣታቸው ዳሰሱት። «ጥርሱ ደህና ነው። የሞተው የዚፑ ራስ ነው» አሉ። ዚፕ ከኋላ የሚከፈተው አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ራስ አፍ ሲላላ ነው። ሁለቱን ጎን አጥብቆ ማጋጠም ያቅተዋል። በፒንሳ ቀስ አድርጎ ጫን ቢሉት ለጥቂት ጊዜ ይሰራል፤ ብረቱ ግን የደከመ ስለሆነ ሲበዛበት ይሰነጠቃል። የሚሻለው ራሱን መቀየር ነው። ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ ልኩን የሚናገር ቁጥር አለ፦ 5፣ 8፣ 10። የእኔ 10 ነው። ጥርሱ ቢረግፍ ወይም ጨርቁ ቢቀደድ ኖሮ ዚፑ በሙሉ ተፈትቶ እንደገና ይሰፋ ነበር። ያ ብዙ ሥራ ነው፤ የሻንጣ ጥግ ለስፌት መኪና አይመችም።

የእጀታው ቱቦ የጎበጠው አክስቴ ከውጭ ይዛው ስትመጣ ነው። ማንም አቤት አላለም። በ1999ኙ (እ.ኤ.አ.) የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት፣ ተጓዥ ሻንጣው ከተጎዳበት በተረከበ በ7 ቀን ውስጥ ለአየር መንገዱ በጽሑፍ ማመልከት አለበት። እኛ ቤት 7ቱ ቀን በዶሮ ወጥና በዘመድ አለቀ።

«ጋሼ፣ ጎማውስ?» አልኳቸው።

«በሪቬት የተያዘ ነው። ተሰርስሮ ወጥቶ በብሎን ይታሰራል። ግን ሁለቱም መቀየር አለባቸው፤ አለዚያ ያጋድላል።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ለመሆኑ እዚህ ሰፈር ማን ሻንጣ ይጎትታል፣ ልጄ?»

ሳቄ መጣ። እውነታቸውን ነው። እዚህ ሻንጣ ከታክሲ ወርዶ ባጃጅ ላይ ይጫናል፤ ከባጃጁ ወርዶ ትከሻ ላይ ይወጣል። ከክፍለ ሀገር ዕቃ የሚያመጣው ሰውማ ግማሹ በማዳበሪያ ነው የሚያመጣው፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ጎማዬን ደግሞ ኮብልስቶኑ ብቻ አይደለም የበላው። እንዲህ ዓይነቱ ለስላሳ ጎማ እርጥበት ካገኘው አልጋ ስር ቁጭ ብሎም ይፈረፈራል። አዲስ ብገዛም ያው ነው።

ለእኔ ሻንጣ የሚያስፈልገው ነገር ሌላ ነው። የጎን መያዣው ጠንካራ መሆን አለበት፤ ረዳቱ አንጠልጥሎ የሚወረውረው በእሱ ነውና። ዚፑ መያዝ አለበት። ጨርቁ የውስጥ ዕቃውን ማሳየት የለበትም። የውስጥ ብረቱ ቢሰበር ወይም ታችኛው ጨርቅ ቢበሳ ኖሮ እኔም እንደ እማዬ ጣይው እል ነበር። የእኔ አጥንቱ ደህና ነው። የጎን መያዣው ክር ግን እየሳሳ ነው፤ እኔ ጭራሽ አላየሁትም ነበር፣ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው።

የዚፑ ራስ ተቀየረ፣ መያዣው በድርብ ክር ተሰፋ፣ ቱቦውም የውስጡ ገበር ተከፍቶ ቀና። ጎማውን ለጊዜው ተውነው። መርካቶ ሲሄዱ ከሞተ ሻንጣ ላይ ትልቅ ጎማ ካገኙ ሊይዙልኝ ነው፤ ካላገኙም አልቸኩልም።

ለእማዬ ገና አልነገርኳትም። ገዛሁ ብላት እንኳ አታምነኝም፤ አክስቴ ለመለያ ብላ የቋጠረችው ቀይ ጨርቅ እስካሁን አለበት፣ እሷ ደግሞ ከሩቅ ነው የምታውቀው።