ከኬኔዲ ላይብረሪ እስከ ኒው ሮስ

ስድስት ኪሎ የተማረ ሰው ኬኔዲ ላይብረሪን ያውቃል። እኔም ለፈተና ብዙ ቀን እዚያ አንገቴን ደፍቼ አምሽቻለሁ። የሰውየው ዘር ከየት ነው ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም። ባለፈው ክረምት ከዋተርፎርድ አውቶቡስ ይዤ ኒው ሮስ ስወርድ መልሱን ወደቡ ላይ አገኘሁት።

ኒው ሮስ በደቡብ ምሥራቅ አየርላንድ፣ ባሮው ወንዝ ዳር ያለች፣ ወደ 8 ሺህ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። ወንዙ ቡናማ ነው፤ ከባሕሩ ጋር ይሞላል፣ ይጎድላል። ከወደቡ ወደ ላይ ያለው ሁሉ ዳገት ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ ብዬ ፈጠን ፈጠን አልኩና ግማሽ ላይ የሱቅ መስኮት የማይ መስዬ ቆምኩ። ከላይ "ሦስት ጥይት በር" የሚባል የድሮ ግንብ ፍርስራሽ አለ። በ1798 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ ያመፁ ገበሬዎች ጦር ይዘው በዚያ በኩል ገቡ። ቀኑን ሙሉ ተዋግተው ተሸነፉ።

እግሬን የያዘው ግን መርከቡ ነው። ዳንብሮዲ ይባላል። ዋናው በ1845 ካናዳ፣ ኩቤክ ውስጥ የተሠራ ነው፤ የአሁኑ በእሱ አምሳል የተሠራ ነው። ሲመጣ እንጨት፣ ሲመለስ ሰው ይጭን ነበር። በዚያው ዓመት አየርላንድ ውስጥ የድንች በሽታ ገባ። ድሃው ከድንች ሌላ ምግብ አልነበረውም፤ እህሉ ደግሞ ወደ እንግሊዝ ይላካል። ወደ አንድ ሚሊዮን ሰው ሞተ፣ ከዚያ የማያንስ ተሰደደ።

ወደ ታችኛው ክፍል ወረድኩ። አልጋው ጥሬ ሳንቃ ነው፣ ፍራሽ የለው፣ መጋረጃ የለው። አንዱ ላይ ቤተሰብ በሙሉ ይታጨቃል። ገብቼ ቁጭ ብል ራሴ ከላይኛው ሳንቃ ጋር ተጋጨ።

ፓትሪክ ኬኔዲ የሚባል የገበሬ ልጅም በ1848 ከዚህ ወደብ ተነሥቶ ቦስተን ገባ። በርሜል ሠሪ ሆነ፤ ኖቬምበር 22 ቀን 1858 ኮሌራ ገደለው። የልጅ ልጁ ልጅ፣ ላይብረሪው በስሙ የተሰየመው ጆን ኬኔዲ፣ በጁን 1963 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆኖ እዚሁ ወደብ ላይ ቆመ። ቅድመ አያቴ ባይሄድ ኖሮ እኔም ማዶ ያለው የማዳበሪያ ፋብሪካ ተቀጣሪ እሆን ነበር ብሎ አሳቃቸው። አምስት ወር አልቆየም፤ እሱም በኖቬምበር 22 ተገደለ። ጃንሆይ ቀብሩ ላይ ነበሩ።

ወንዙ ዳር አግዳሚ ላይ አንድ ሽበታም ሰው አጠገቤ ተቀመጡ። ከየት ነህ አሉኝ። ኢትዮጵያ ስል "የ1984ቱ ረሃብ" አሉ። ውጭ አገር የኖረ ሐበሻ ይህን ጥያቄ ያውቀዋል፤ ልቆጣ ዳዳኝ። ግን ከኋላችን መርከቡ ቆሟል፣ ምን እላለሁ? በፋሲካ ጾም ተማሪ ቤት ውስጥ የካርቶን ሣጥን ይታደለን ነበር፣ ለእናንተም ሳንቲም እንከትበት ነበር አሉኝ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "አንዳንዴ ለከረሜላ መልሼ አውጥቼበታለሁ።"

"ይቅር ብያለሁ" አልኳቸው።