ሞተሬን ይዤ ወደ ቱርክ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ባለፈው ሳወራችሁ በእጄ የነበረው ሐሳብ ብቻ ነበር። አሁን ሞተሬ የሚጫንበት ሳጥን አለኝ። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ያለ ብየዳ ቤት ሠርቶልኝ ግቢያችን ውስጥ ቆሟል። እናቴ ከጉዞው ስመለስ ለዶሮ ቤት እንድሰጣት ከወዲሁ ጠይቃኛለች።

ዕቅዱን ላልሰማ፦ ሞተሬ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ በአይሱዙ ይሄዳል፣ ከዚያ በአውሮፕላን ጭነት ኢስታንቡል። እኔ እዚያ እቀበለውና በጥቁር ባሕር ዳርቻ ወደ ምሥራቅ እነዳለሁ፣ እስከ ትራብዞንና ከጀርባዋ እስካሉት ተራሮች። «እዚያው አትከራይም?» የሚለኝ ብዙ ነው። ልክ ነው። ለሁለት ሳምንት ጉዞ መከራየት ይሻላል፣ አያከራክርም። እኔ የምቆየው ረዘም አድርጌ ነው። የቀረው አምሮት ነው፣ አምሮትን ደግሞ በሒሳብ ማስረዳት አይቻልም።

የአየር ጭነት በኪሎ ይከፈላል ሲባል ሚዛን ላይ የሚወጣው ኪሎ ብቻ ይመስለናል። አይደለም። የሳጥኑ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲሜትር ተባዝቶ ለ6,000 ይካፈላል። የወጣው ቁጥር ከእውነተኛው ሚዛን ጋር ይተያይና በትልቁ ትከፍላላችሁ። ሞተሬ 200 ሲሲ ነው፣ 150 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ምንም ሳልፈታው ብጭነው ሳጥኑ 215 በ85 በ120 ይሆን ነበር። በሒሳቡ 365 ኪሎ ማለት ነው። ግማሹ አየር ነው!

ስለዚህ የፊት ጎማው ወጣ። መሪውን ነቅዬ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ታንኩ ላይ አሰርኩት። መስታወትና ፍሬቻም ወረዱ። ሳጥኑ 185 በ65 በ95 ሆነ፣ 190 ኪሎ። ሞተሩና ሳጥኑ አብረው ሚዛን ላይ ሲወጡም እዚያው 190 አካባቢ ናቸው። ማቆም ያለባችሁ እዚህ ላይ ነው። ከዚህ በኋላ የሚቆጠረው እውነተኛው ሚዛን ስለሆነ፣ የኋላ ጎማ ልፍታ የሚል ካለ በከንቱ ይደክማል።

ባለ ብየዳው መጀመሪያ ወፍራም ብረት ነበር ያሰበልኝ። «አቦ፣ በባለ 40 ሚሊሜትር እንሥራልህ፣ ዘላለም ይኖራል!» አለ። ዘላለም አያስፈልገኝም፣ እያንዳንዷ ኪሎ ታስከፍለኛለች አልኩት። በባለ 25 ቱቦላሬ ተስማማን፣ ዙሪያውን በኮምፔንሳቶ ሸፈነው።

ጣውላ የተውኩት በምክንያት ነው። ከአገር ወደ አገር የሚሄድ የእንጨት ማሸጊያ ነፍሳት ይዞ እንዳይገባ አይኤስፒኤም 15 የሚባል ዓለም አቀፍ ደንብ አለ። በሙቀት የታከመ እንጨት እስከ ውስጡ 56 ዲግሪ ደርሶ ለ30 ደቂቃ መቆየት አለበት፣ ከዚያ ማኅተም ይመታበታል። ማኅተም የሌለው ጣውላ መድረሻው ላይ ጣጣ ያመጣል። ኮምፔንሳቶ ግን ሲመረት በሙጫ፣ በሙቀትና በግፊት ስለሚሠራ ደንቡ አይመለከተውም። ብረትም እንደዚያው።

አስተሳሰሩ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። የፊት ጎማው ሲወጣ የፍሬኑ ሸራዎች መካከላቸው ባዶ ይቀራል። አንድ ሰው ሳያስበው የፍሬን እጀታውን ቢጨብጥ ተገፍተው ይገናኛሉ፣ ኢስታንቡል ላይ ዲስኩ አልገባ ብሎ ስትታገሉ መዋል ነው። የዲስኩን ውፍረት ያህል የታጠፈ ካርቶን መካከላቸው አስገብቼ በፕላስተር አሰርኩት። ሌላው የፊት ሾኩ ነው። ማሰሪያውን ስባችሁ እስከ መጨረሻው አታስጨንቁት፣ ለቀናት እንደተጨመቀ ከቆየ የዘይት ጎሚኒው ይጎዳል። እኔ የጎማውን ፒን መልሼ በሾኩ ጫፍ አሳለፍኩትና ሳጥኑ ወለል ላይ በተበየደ መያዣ በብሎን አጠበቅኩት። ክብደቱን የያዘው ብሎኑ ነው፣ ገመዱ እንዳይወዛወዝ ብቻ ነው።

በአየር ሕግ ሞተር አደገኛ ዕቃ ተብሎ ነው የሚመዘገበው፣ የራሱ ቁጥር አለው፣ ዩኤን 3166። ቤንዚኑ በተቻለ መጠን መቀዳት አለበት፣ ቢተርፍ እንኳ ከታንኩ ሩብ ማለፍ የለበትም። የባትሪውን ገመዶች ፈታችሁ ጫፋቸውን በፕላስተር ሸፍኑ። ይሄን ራሳችሁ ብትሠሩትም የጭነት ወኪሉ መልሶ ያያል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ሰው የሚጨነቀው ስለመውጣቱ ነው፣ እኔን ያስጨነቀኝ መመለሱ ነው። ሞተሩ «በጊዜያዊነት የሚወጣ» ተብሎ በዲክላራሲዮን፣ ማለትም በጉምሩክ ማስመዝገቢያ ሰነድ፣ ካልተመዘገበ፣ ሲመለስ እንደ አዲስ ዕቃ ቀረጥ ልትጠየቁበት ትችላላችሁ። የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ «መልሰው ያስገቡልሃል?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። መልሴ ያው ነው፦ የሚገባው አዲስ ዕቃ አይደለም፣ የወጣው ነው የሚመለሰው። ይህን የሚመሰክርላችሁ ግን ያ ወረቀት ብቻ ነው። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። የኔ ሻንሲ ቁጥር በቅባትና በአቧራ ተደፍኖ ስለነበር በናፍጣ አጥቤ በሞባይል አነሳሁት። ትራንዚተሩ፣ የጉምሩክ ጉዳዩን የሚጨርስልኝ ሰው፣ መጀመሪያ የጠየቀኝም ያንን ፎቶ ነው። ሊብሬው በሌላ ሰው ስም ከሆነ ወይም የባንክ ዕዳ ካለበት እሱን ሳትጨርሱ አትነሱ።

ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ስታወጡ የሞተር ምድቡ፣ «ኤ»፣ ላይ ማኅተም መኖሩን እዚያው ቆማችሁ አረጋግጡ። ኢንሹራንስ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቢጫ ካርድ የሚባለው ድንበር ተሻጋሪ የመኪና ኢንሹራንስ የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ) አገሮች ነው፣ ኬንያና ጅቡቲ ይሠራል። ቱርክ ያለችው አረንጓዴ ካርድ በሚባለው በሌላ የኢንሹራንስ ሥርዓት ውስጥ ነው፣ ስለዚህ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱን እዚያው ስገባ እገዛለሁ። ሞተሩም ስገባ በስሜ ይመዘገባል፣ ያለ ሞተሩ ከአገሪቱ መውጣት ጣጣ ነው። ግብፅን የምታስቡ ካላችሁ ግን የናንተ ነገር ሌላ ነው፣ እዚያ ካርኔት የሚባል የዋስትና ደብተር ግድ ነው።

ልምምዱን በድሬዳዋና በሐረር መካከል ባለው በደንገጎ ዳገት ላይ ነው የማደርገው። ሻንጣዎቹን ሐረር፣ ልብስ ሰፊዎቹ ባሉበት መኪና ግርግር፣ ከወፍራም ሸራ አሰፋኋቸው፣ እነሱን ሞልቼ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። ቁልቁለቱን በፍሬን ሳይሆን በማርሽ መያዝ በባዶ ሞተርና በጭነት ፍጹም የተለያየ ነው። ከአወዳይ የሚወርደው የጫት መኪና ከኋላ ሲመጣ ደግሞ ዳር መያዝ ነው እንጂ ሌላ ጥበብ የለም። ቱርክ ውስጥ የሚጠብቀኝ ከባይቡርት ወደ ጥቁር ባሕር የሚወርደው ዲ915 መንገድ ጠመዝማዛው ከዚህ የባሰ ነው፣ ብዙ ቦታ ጠጠር፣ ከ2,000 ሜትር በላይ። በብርዱ ወራት በረዶ ስለሚዘጋው ጉዞዬን ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው የማደርገው።

ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተርም ይታሰብበት። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ትራብዞን ባሕሩ ዳር። ዝቅ ሲሉ አየሩ ይወፍራል፣ እዚህ የተስተካከለው ቤንዚን ያንሳል፣ ሞተሩ ይግላል። ካንዴላው (እሳት የሚሰጠው) ጫፉ ነጭ ከሆነ ቤንዚን የማነሱ ምልክት ነው፣ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ተቃራኒው። ዋናውን የቤንዚን ማሳለፊያ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ገዝቼ ዕቃ መያዣው ውስጥ አስቀምጫለሁ።

አሁን የምጠብቀው ከወኪሎቹ የጭነት ዋጋ ነው። የኢስታንቡል መጋዘንና የማውረጃ ክፍያ ውስጡ መኖሩን በጽሑፍ እንዲነግሩኝ ጠይቄያለሁ፣ ምክንያቱም ዋጋው መነሻው ላይ ርካሽ ሆኖ መድረሻው ላይ የሚያብጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ሲመጣልኝ ከነዝርዝሩ እነግራችኋለሁ።