በጾም የተቀረጸ ክሊፕ

ገንዘብ የሌለው ሰው ክሊፕ መሥራት ያለበት በሁዳዴ ነው። እየቀለድኩ አይደለም። በዐቢይ ጾም ሰርግ የለም፤ ሰርግ ከሌለ ደግሞ የሰርግ ቀራጮች ሥራ ፈተው ቤት ይቀመጣሉ። የሰፈሬ ልጅ ለሆነው ካሜራ ማን በጥር ብደውልለት ስልኩንም አያነሳልኝም ነበር። በጾሙ ግን ካሜራውንና ጊምባሉን (ካሜራው እንዳይንቀጠቀጥ የሚይዘውን እጀታ) ተሸክሞ ራሱ መጣ። ክፍያው ምሳና ትራንስፖርት። ምሳው ሽሮ ነው፣ ሥጋ የለም ብሎ የሚቀየም የለም።

መጀመሪያ አንድ ፕሮዳክሽን ቤት ጠይቄ ነበር። ለአንድ ቀን ካሜራ፣ መብራትና ድሮን የጠሩልኝ ዋጋ ከወር ደሞዜ ይበልጣል። ድሮኑ ምን ያደርግልኛል ስል "ያለ ድሮንማ ክሊፕ አይሆንም" አሉኝ። ዘፈኑ ስለ እህቴ ነው፣ ታሪኩ ያለው አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ድሮኑ ጣሪያ በስቶ ይግባ?

እህቴ ሪያድ የቤት ሠራተኛ ነበረች። በ2006 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ሳዑዲ ወረቀት የሌላቸውን ማባረር ስትጀምር ከተመለሱት አንዷ ናት። በዚያ ዙር ከ160,000 በላይ ሰው ነው የተመለሰው። ዜናው ላይ ቁጥሩ በየቀኑ ሲጨምር እያየን እኛ አንዷን ብቻ እንጠብቅ ነበር። ዘፈኑ እሷ በር አንኳኩታ ስለገባችበት ሰዓት ነው።

ስክሪፕት ብዬ የጻፍኩትን ሳነብላት ሳቀች። እናቴ ጮኻ ስትወድቅ፣ እህቴ መስኮት ጋ ቆማ ስታለቅስ፣ ውጭ ዝናብ ሲዘንብ። በኛ ክሊፕ ሐዘን ማለት መቼም ዝናብ፣ መስኮትና የተቀደደ ፎቶ ነው። "ማን ጮኸ?" አለችኝ። "እማዬ መጀመሪያ ያየችው እግሬን ነው። በነጠላ ጫማ ነበር የመጣሁት። 'እግርሽ በረዶ ሆኗል' አለችና ውሃ አሞቀች፣ አጠበችኝ፣ በላሁ፣ ተኛሁ። በቃ።" እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ የማስታውሰው ፌስታሏን ከፍቼ ከረሜላ መፈለጌን ነው።

ስለዚህ ክሊፑ እግር ማጠብ ሆነ። እህቴ "ፊቴ እንዳይታይ፣ እግሬን ግን ቅረጹ" ብላ ተስማማች። እናቴም ራሷን ሆና ገባች። ትወና የሚባል ነገር እንደማይሆንላት ያወቅነው ወዲያው ነው። ካሜራ ማኑ "አንዴ እንድገመው እማማ" ባለ ቁጥር ሳፋውን ይዛ ትነሳለች። ውሃው ቀዝቅዟላ! "ለፎቶ ብዬ ልጄን በቀዝቃዛ ውሃ አላጥብም" አለች። መብራት ስላልነበረ በከሰል ነው የሚሞቀው፤ እያንዳንዱ ድጋሚ ማለት ከሰል ማራገብ፣ ውሃው እስኪሞቅ መጠበቅ፣ እሷም በመሃል "ልጄ ደክሞሃል፣ ትንሽ ቅመስ" እያለች ቀራጩን ማጉረስ ነው። ልጁ ደግሞ የሰርግ ልማዱ አልለቀው ብሎ ፊቷ የማይታየውን ሴትዮ "ፈገግ በይ እስቲ" ይላታል። እህቴ በሳቅ ስትንፈራፈር ውሃው ይደፋል። እንደገና ከሰል።

መብራት ሲመጣ ደግሞ አምፖሉ ካሜራው ላይ ተርገበገበ። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ሹተሩን፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ የሰከንድ አንድ ሃምሳኛ አድርጎ በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል) ሲቀርጽ ተስተካከለ። እኔ የምዘፍንበትን ግን በ50 ፍሬም ቀርጸን በ25 ልናጫውተው ነበር፣ እንቅስቃሴው እንዲዘገይ። ከንፈሬ ከዘፈኑ እንዲገጥም ታዲያ ስንቀርጽ ዘፈኑ በእጥፍ ፍጥነት መከፈት አለበት። ያን ሁሉ ሐዘን የጻፍኩበት ዘፈን በካርቱን ድምፅ ከስፒከሩ ሲንጫጫ የግቢው ሕፃናት ወጥተው መጨፈር ጀመሩ። እኔ በዚያ መሃል ፊቴን አጥቁሬ ተንጫጫሁ። ክሊፑ ላይ ግን ያምራል፣ እውነት።

ከኤርፖርት ወደ ቤት የምትመጣበትን ቦሌ ሄደን እንቅረጽ ያለ ነበር። የፈቃድ ደብዳቤ ማን ይሰጠናል? ጎረቤታችን ያሉ አባት የቆመች ላዳ አላቸው፣ እሷን ለመንናቸው። ማታ ግቢ ውስጥ እንደቆመች ሁለት ልጆች ከኋላ ያነቃንቋታል፣ ሌሎች ሁለት ደግሞ የስልካቸውን መብራት እያበሩ በመስኮቱ አጠገብ ይሮጣሉ። ከውስጥ ሲቀረጽ መንገድ ላይ የምትሄድ መኪና ነው የምትመስለው። ሰውየው ወጥተው አዩንና "ቤንዚን ሳትጨርስ የሄደችው ዛሬ ብቻ ነው" አሉ።

ኤዲቲንጉን እኔው በላፕቶፔ ሠራሁት፣ ዳቪንቺ ሪዞልቭ በሚባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራም፣ በነፃው። ላፕቶፑ እየጋለ ይጠፋል። ቢሆንም ቀራጩ የሚጨምረው ነገር ካለ ከፋሲካ በፊት መጨረስ ነበረበት፤ ዳግማይ ትንሣኤ ከደረሰ ሰርጉ ይጀምራል፣ ከዚያ በኋላ ማን ያገኘዋል።

ዩቲዩብ ላይ ከጫንኩት በኋላ እህቴ ሊንኩን አብረዋት ለተመለሱ ጓደኞቿ ላከችው። አንዷ ወዲያው ደወለች። አለቀሰችም፣ ዘፈኑንም አላነሳችም። "አንቺ፣ እኛ ማታ ነው እንዴ የገባነው? ጠዋት አልነበር?" ብላ ተከራከረች። ጠዋት ነበር። እህቴ ስልኩን ላውድ ላይ አድርጋ፣ በቀን ቢቀረጽ ከላዳዋ መስኮት ውጭ የጎረቤታችን የቆርቆሮ አጥር ፍንክች ሳይል ቆሞ እንደሚታይ ታስረዳት ጀመር።