ፒ 0141፦ ጤነኛ ሴንሰር ካስወለቅሁ በኋላ የተማርሁት

የምኖረው በዓለም ገና ዳርቻ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ በሚያስገባው ኮረኮንች መንገድ ላይ ነው። ክረምቱ እንደወጣ የኮሮላዬ የቼክ ኢንጂን መብራት በራ። ጋራዥ ወስጄ በስካነር ሲታይ ፒ 0141 የሚል ኮድ ወጣ፤ መካኒኩም «የኋለኛው የኦክስጅን ሴንሰር ሞቷል፣ ካልተቀየረ መፍትሔ የለውም» አለኝ፤ በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካው ዕቃ ማለቱ ነው። እኔም ምንም ሳልጠይቅ ሶማሌ ተራ ሄጄ ያገለገለ ሴንሰር ገዝቼ አስገጠምሁ። መብራቱ ጠፋ፤ በሦስተኛው ቀን ግን ተመልሶ በራ። መጀመሪያውኑ የጠፋው ኮዱ ስለተሰረዘ እንጂ ችግሩ ስለተፈታ አልነበረም።

ኮዱ የሚናገረው ጭሱን ከሚያጣራው ከካታሊስቱ በኋላ ስላለው ሴንሰር የማሞቂያ መስመር እንደሆነ የተረዳሁት ከዚያ ወዲህ ነው። ሴንሰሩ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልሞቀ በቅጡ ስለማይሠራ፣ የጭሱን ሙቀት ሳይጠብቅ ቶሎ እንዲነቃ በውስጡ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው በዚያ መስመር የሚያልፈው ከረንት እንደተዛባ ብቻ ሲሆን፣ ማሞቂያው ይቃጠል ወይም ሽቦው ይበጠስ ለይቶ አይነግርም።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሞተሩ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ሳለ፣ መኪናውን በክሪክ አንሥቼ ጠንካራ ድጋፍ ካስገባሁ በኋላ የሴንሰሩን ሶኬት ነቀልሁ። ከአራቱ ሽቦዎች ሁለቱ ጥቁሮች የማሞቂያው ናቸው። በመካከላቸው በመልቲሜትር ስለካ 13 ኦም አነበብሁ። ወልቆ በመኪናው ኪስ ውስጥ የተጣለውን አሮጌውን ሴንሰር ስለካውም 12.6 ኦም ሆነ። ማሞቂያው ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ መለኪያው ምንም ባላነበበ ነበር፤ ጤነኛ ዕቃ አስወልቄ ኖሯል።

ሞተሩን ሳላስነሣ ቁልፉን ከፍቼ በመኪናው በኩል ያለውን ሶኬት ለካሁ፤ የባትሪው 12 ቮልት ሊደርስበት ሲገባ ዜሮ ነበር። ፊውዙ ደኅና ነው። ሽቦውን በጣቴ እየዳበስሁ ስከተል፣ መያዣው ተሰብሮ ማርሚታው ላይ ተጋድሞ አገኘሁት፤ ላስቲኩ ቀልጦ ሬንጅ መስሏል፣ መዳቡም አረንጓዴ ዝገት በልቶት ገና ስነካው ተበጠሰ። መያዣውን የሰበረው የሰፈራችን ድንጋይ ሳይሆን አይቀርም።

የተበላውን ክፍል ቆርጬ በአዲስ ሽቦ ተክቼ በስታኞ በየድሁት፤ ሙቀት በሚችል መሸፈኛ ሸፍኜም ከማርሚታው አርቄ አሰርሁት። የበየድሁት በመኪናው በኩል ያለውን ሽቦ ነው፤ ብዙ ሴንሰሮች ጭሱን የሚያነጻጽሩበት የውጭ አየር በራሳቸው ሽቦ ውስጥ ስለሚያልፍ በሴንሰሩ በኩል ያለውን መበየድ አይመከርም። ከዚያ አሮጌውን ሴንሰር መልሼ ገጠምሁ፤ መብራቱም እስከ ዛሬ አልበራም። የገዛሁትን ልመልስ ብል ሻጩ «የኤሌክትሪክ ዕቃ አይመለስም» ብሎኛል።

በዚያው ሰሞን የባለቤቴ ወንድም መኪና ፒ 0171 አወጣ፤ ለእርሱም የተነገረው ያው «ሴንሰር ቀይር» የሚል ነበር። ይህ ኮድ ግን ከአየሩ አንጻር ነዳጅ አንሷል ማለት ነው። በስካነሩ የነዳጅ ማስተካከያውን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የሚጨምረውን ወይም የሚቀንሰውን ነዳጅ ስናይ፣ ሞተሩ የነዳጅ መርገጫው ሳይረገጥ ሲሠራ 24 በመቶ ጭማሪ ያሳያል፤ በ2500 ዙር ግን ወደ 6 ይወርዳል። በዝቅተኛ ዙር እንዲህ መክፋቱ ከአየር መለኪያው በኋላ ሾልኮ የሚገባ አየር መኖሩን ስለሚጠቁም ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ጎንበስ ብለን አየናቸው። ወደ ሞተሩ አየር የሚያስገባው ላስቲክ ቱቦ ከሥሩ ተሰንጥቆ ተገኘ፤ ሴንሰሩ ያየውን በትክክል ሲናገር ነበር። ቱቦው ሲቀየር ጭማሪው ወደ 3 በመቶ ወረደ።