ሦስተኛው ካሜራ ባዶ ነው

መርካቶ ስልክ ጥገና ላይ ነው የምሠራው። እዚህ ከሚመጡት ርካሽ ስልኮች የብዙዎቹ በሽታ አንድ ነው፤ የፋይል ማስቀመጫቸው ሞልቷል። እንጀራ ነጋዴዋ ግን ስልካቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አድርገው፣ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ብሬን ዋጠው» አሉኝ።

ለምግብ ቤቶች እንጀራ ያስረክባሉ፤ ሒሳቡ በቴሌብር ነው። አንዱ ደንበኛ «ከፍያለሁ» ብሎ ስልኩን ያሳያቸዋል፤ እሳቸው ጋ ግን መልእክት የለም። በውሸት ስክሪንሾት የተበሉ ሰዎችን ያውቃሉና እንጀራውን አላወርድም ብለው ተጣልተው መጡ።

በ*127# ቀሪ ሒሳባቸውን አየን። ብሩ ገብቷል። ስልኩ 16 ጊጋ ነው፤ ሲስተሙ የወሰደውን ወስዶ፣ የተረፈውን ቴሌግራም በልጅ ልጆች ቪዲዮ ሞልቶታል። አንድሮይድ ደግሞ ቦታ ሲያልቅበት አጭር መልእክት እንኳ መቀበል ያቆማል። የማይረባውን ሳጠፋላቸው የቆዩት መልእክቶች ተንጫጭተው ገቡ።

«ሚሞሪ ካርድ ልግዛልዎት?» ብዬ ማስገቢያውን ሳወጣው፣ ሚሞሪውና ሁለተኛው ሲም የሚጋሩት ቦታ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም ተይዘዋል፤ አንዱ በኢትዮ ቴሌኮም፣ አንዱ በሳፋሪኮም። ደንበኛ በሁለቱም ይደውላል፤ የቱን ያውጡ?

ባትሪውም ማበጥ ጀምሮ ስለነበር ጀርባውን ከፈትኩት። ከላይ ሲታይ ባለ ሦስት ካሜራ ነው። ከውስጥ አንዱ ደህና፣ ሁለተኛው ባለ 2 ሜጋፒክስል፣ ከሦስተኛው መስታወት ኋላ ግን ምንም የለም። ፕላስቲክ ብቻ።

«ለዚህም ከፍያለሁ?» አሉ።

ስልክ ይርከስ ከተባለ የሚቀነሰው ይሄ ነው። ትርፍ ካሜራው፣ የሚያብለጨልጨው ጀርባ፣ ካስፈለገ የጣት አሻራውም ይቅር (በሊጥና በምጣድ የኖረ ጣት እንደሁ አያነብም)። የማስቀመጫ ቦታው፣ ለብቻው የሆነ የሚሞሪ ማስገቢያ፣ ባትሪውና ኔትወርክ የሚይዘው ክፍል ግን አይነኩ። ጎግል አቅማቸው አነስተኛ ለሆኑ ስልኮች ቀለል ያለውን አንድሮይድ ጎ ካስተዋወቀ እኮ ቆየ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ሶፍትዌሩ ሲቀል ቀፎው በጌጥ ከበደ።

ጎረቤቴ ስልክ ሻጩ በዚህ አይስማማም። «ባለ አንድ ካሜራ ሳሳያቸው የድሮ ነው ብለው ነው የሚመልሱልኝ» ይላል። እውነቱን ነው፤ ሰው ጀርባውን አይቶ ነው የሚገዛው፣ ፋብሪካውም ይህን ያውቃል። ቦታ ጎደለ ብሎ ሱቅ ውስጥ የሚያጉረመርም የለም፤ ማጉረምረሙ ከስንት ወር በኋላ እኔ ጋ ነው የሚመጣው።

ሴትዮዋ ለማንኛውም ሌላ ስልክ ለማየት ወደሱ ሱቅ አለፉ። ዋጋ ሳይጠይቁ፣ መርፌ አስመጥተው የሲም ማስገቢያውን አስከፈቱት።